የአንዲት ብልቃጥ ጉዳይ፦ ኢንሱሊን አሜሪካ ውስጥ እንዴት ተወደደ፣ እንዴትስ ረከሰ?

ብልቃጧ ትንሽ ናት፤ መዳፍ ውስጥ ትደበቃለች። በውስጧ 10 ሚሊ ሊትር፣ ውሃ የመሰለ ጥርት ያለ ፈሳሽ አለ። በመርፌ ቋንቋ 1,000 ዩኒት ነው። ሳትከፈት ፍሪጅ ውስጥ ትቀመጣለች። አንዴ መርፌ ከገባባት ዕድሜዋ 28 ቀን ነው። ከዚያ የተረፈው ይደፋል። ስሟ ሁማሎግ ነው፤ የስኳር ሕመምተኞች የሚወጉት ኢንሱሊን። አምራቿ ደግሞ የኢንዲያናፖሊሱ ኢላይ ሊሊ።

አሜሪካ ገበያ ላይ የወጣችው በ1996 ነው። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ያኔ 21 ዶላር ነበረች። በ2017 ያቺው ብልቃጥ 274 ዶላር ከ70 ሳንቲም ገባች። በ2023 መጨረሻ ላይ ደግሞ በአንድ ጊዜ ወደ 66 ዶላር ከ40 ሳንቲም ወረደች። በነዚህ ሁሉ ዓመታት ፈሳሹ ያው ነው።

ሽቅብ ስለመውጣቷ ብዙ ተብሏል። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ቁልቁል የወረደችበት መንገድ ነው። አሜሪካ ውስጥ የመድኃኒት ዋጋ ሲወርድ ማየት ብርቅ ነው፤ ያውም 70 በመቶ። «ኩባንያዎቹ አፈሩ» የሚል አለ። «መንግሥት አስገደዳቸው» የሚልም አለ። ሁለቱም ከእውነት የራቁ አይደሉም። ግን የዋጋውን ወረቀት ያስቀደደው ብዙ ሰው ልብ ያላለው አንድ የሕግ አንቀጽ ነው። እዚያ እንደርሳለን። መጀመሪያ ከሥሩ እንነሳ።

ሦስት ዶላር

ኢንሱሊን የተገኘው በ1921 በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ነው። ፍሬድሪክ ባንቲንግ ወጣት የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበር። ቻርልስ ቤስት ረዳቱ ነው፣ ገና ተማሪ። በፕሮፌሰር ጆን ማክላውድ ላቦራቶሪ ውስጥ ከውሻ ቆሽት ጀመሩ። ጄምስ ኮሊፕ የሚባል ባዮኬሚስት ፈሳሹን አጣራላቸው። በጃንዋሪ 1922 እዚያው ቶሮንቶ ውስጥ፣ ሰውነቱ አልቆ አጥንቱ የቀረ የ14 ዓመት ልጅ ተወጋ። ነፍሱ ተመለሰች።

ከዚያ በፊት ዓይነት 1 ስኳር (ሰውነት ራሱ ኢንሱሊን የማያመርትበት) ለያዘው ልጅ ሕክምናው ረሃብ ነበር። ምግብ እየነፈጉ ትንሽ ዕድሜ መግዛት ማለት ነው። በ1923 ባንቲንግ፣ ቤስትና ኮሊፕ የፈጠራ መብቱን ለዩኒቨርሲቲው እያንዳንዳቸው በ1 ዶላር ሸጡት። በጠቅላላው 3 ዶላር። ማንም ብቻውን ይዞት ሰው ላይ እንዳይነግድበት ብለው ነው። በዚያው ዓመት ኢላይ ሊሊ በብዛት እያመረተ መሸጥ ጀመረ።

ታዲያ መቶ ዓመት የሞላው፣ በ3 ዶላር የተሸጠ ነገር እንዴት እንዲህ ይወደዳል? አንዱ መልስ መድኃኒቱ እየተለወጠ መሄዱ ነው። መጀመሪያ ከአሳማና ከከብት ቆሽት ይወጣ ነበር። በ1982 ባክቴሪያ ውስጥ የሰውን ኢንሱሊን ማምረት ተቻለ፤ ሁሙሊን የተባለው መጣ። ከዚያ ሁማሎግ ተከተለ። ሁማሎግ ከሰው ኢንሱሊን የሚለየው ሁለት አሚኖ አሲዶች ቦታ በመለዋወጣቸው ነው። ልዩነቱ ሲነገር ትንሽ ነው፣ ገበታ ላይ ግን ይታወቃል። የድሮው ሬጉላር ኢንሱሊን ከምግብ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ መወጋት አለበት። ሁማሎግን ምግቡ ሲቀርብ መውጋት ይቻላል። እንግዳ ሆኖ ሄዶ፣ ቡናው ይቅደም ምግቡ ሳያውቅ ለሚቀመጥ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚያ በየደረጃው አዲስ ፓተንት ወጣ። ሐኪሞችም ወደ አዲሱ ጎረፉ። የግል ኢንሹራንስ ያላቸውን የዓይነት 2 ስኳር ሕመምተኞች ያጠና አንድ ቡድን ያገኘው ቁጥር ይሄን ያሳያል። በ2000 ኢንሱሊን ከሚወስዱት መካከል አዲሶቹን የሚጠቀሙት 19 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። በ2010 ከ91 በመቶ በላይ ሆኑ። ሕመምተኛው ለአንድ ማዘዣ ከኪሱ የሚከፍለው መካከለኛ ገንዘብ በዚያው 10 ዓመት ከ19 ዶላር ወደ 36 ዶላር ወጣ። ሆስፒታል የሚያደርስ የስኳር መውረድ ግን ያን ያህል የቀነሰ አልነበረም።

እዚህ ላይ የራሴን ልበል። ለዓይነት 1 ሕመምተኛ አዲሱ ኢንሱሊን ኑሮን ያቀላል፤ አልከራከርም። ለብዙ የዓይነት 2 ሰዎች ግን ርካሹ አሮጌው ይበቃቸው ነበር ብዬ አምናለሁ። አገር ቤት በመንግሥት ጤና ተቋማት ሰዉ የኖረው በዚያው በአሮጌው ነው፤ ደመና በመሰለው ኤንፒኤችና ጥርት ባለው ሬጉላር። አሜሪካም ውስጥ ዋልማርት እነዚህን አሮጌዎቹን በ25 ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር። ሆኖም ከአንዱ ወደ ሌላው ዝም ብሎ መዝለል አደገኛ ነው። ሰዓታቸውም መጠናቸውም ይለያያል፤ ሐኪም ካላስተካከለው ሰው ይጥላል።

ደላላው

የመሥሪያ ወጪው ነው ያስወደደው እንዳንል፣ ተመራማሪዎች በ2018 አስልተውታል። አዲሱን ዓይነት ኢንሱሊን ትርፉንም ጨምሮ ለአንድ ሰው የአንድ ዓመቱን ከ133 ዶላር በማይበልጥ ማቅረብ ይቻላል። የአንዲቷ ብልቃጥ የ2017 ዋጋ 274 ዶላር ነበር። የዓመቱ ፍጆታ በግማሽ ብልቃጥ ዋጋ ማለት ነው።

ታዲያ ቀሪው ምንድን ነው? ቤት ተከራይቶ የሚያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ደላላው የሚያገኘው ከኪራዩ በመቶኛ ከሆነ፣ ኪራዩ ሲጨምር ደላላው አይከፋውም። የአሜሪካ የመድኃኒት ገበያም ደላላ አለው። ፒቢኤም ይባላል። ሥራው በኢንሹራንሶችና በአሠሪዎች ስም ከመድኃኒት ኩባንያዎች ጋር መደራደር፣ ከዚያም የትኛው መድኃኒት እንደሚሸፈን ዝርዝር ማውጣት ነው። ሦስቱ ትልልቆቹ ሲቪኤስ ኬርማርክ፣ ኤክስፕረስ ስክሪፕትስና ኦፕተም አርኤክስ ናቸው። ከአገሪቱ የሐኪም ማዘዣ 80 በመቶ ያህሉ በነሱ እጅ ያልፋል።

ከወዲያ ማዶ ደግሞ ሻጮቹም ሦስት ናቸው፦ ኢላይ ሊሊ፣ የዴንማርኩ ኖቮ ኖርዲስክና የፈረንሳዩ ሳኖፊ። የዓለምን የኢንሱሊን ገበያ በገንዘብ ከ90 በመቶ በላይ ይዘውታል። ሦስት ለሦስት ተፋጠጡ ማለት ነው።

ድርድሩ እንዲህ ይሄዳል። ደላላው «ዝርዝሬ ውስጥ መግባት ከፈለግህ ተመላሽ ስጠኝ» ይላል። ኩባንያው የተለጠፈውን ዋጋ ከፍ ያደርግና ከላዩ ላይ ቆርጦ በጓሮ ይመልሳል። ተወዳዳሪው ይበልጥ ከፍ አድርጎ ይበልጥ ይመልሳል። ሌላ ገበያ ቢሆን ፉክክር ዋጋ ይጥላል። እዚህ ፉክክሩ ራሱ ዋጋ ሰቀለ። የአሜሪካ ሴኔት የፋይናንስ ኮሚቴ በ2021 ባወጣው ሪፖርት ላይ የላንተስ ነገር አለ፤ ላንተስ የሳኖፊ ረጅም ሰዓት የሚሠራ ኢንሱሊን ነው። በ2013 ሳኖፊ ለአንዱ ደላላ ዝርዝር ያቀረበው ተመላሽ ከ2 እስከ 4 በመቶ ነበር። በ2018 እስከ 56 በመቶ ደረሰ።

ይሄ ነገር በዓይን የሚታይበት አንድ አጋጣሚ አለ። በ2021 ሰምግሊ የተባለ ኢንሱሊን የላንተስ ምትክ ሆኖ ተፈቀደ። ፋርማሲስቱ ሐኪሙን ሳይጠይቅ በላንተስ ፋንታ ሊሰጠው የሚችል የመጀመሪያው ኢንሱሊን ነበር። ሰዉ አሁን ዋጋ ይወርዳል ብሎ ጠበቀ። አምራቹ ምን አደረገ? ያንኑ ፈሳሽ በሁለት ሳጥን አወጣው። አንደኛው ሳጥን ላይ ሰምግሊ የሚለው ስም አለበት፤ አምስት ፔን (ኢንሱሊን የተሞላ ብዕር መሰል መርፌ) 404 ዶላር። ሁለተኛው ላይ ያለው ተራው የመድኃኒቱ ስም ብቻ ነው፤ አምስት ፔን 148 ዶላር ገደማ። ውስጣቸው አንድ ነው። ከሦስቱ ትልልቅ ደላሎች አንዱ የሆነው ኤክስፕረስ ስክሪፕትስ ለዋናው ዝርዝሩ የመረጠው ውዱን ሳጥን ነው።

ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ውዱ ሳጥን ተመላሽ አለው፤ ርካሹ የለውም።

ጃንዋሪ ላይ መስኮቱ ጋ

«ተመላሹ ካለ የተለጠፈው ዋጋ የውሸት ነው፤ ማንም አይከፍለውም» የሚል ክርክር አለ። ኩባንያዎቹ ደጋግመው ይሉታል። ከፊሉ እውነት ነው፤ ኩባንያው እጅ የሚገባው ከ274 ዶላር በጣም ያነሰ ነበር። ግን የሚከፍለው ሰው ነበረ። ኢንሹራንስ የሌለው ይከፍለዋል። ኢንሹራንስ ኖሮት ዲዳክቲብሉ (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት በየዓመቱ ራሱ ከኪሱ የሚከፍለው) ያልሞላለትም ይከፍለዋል።

ለምሳሌ በቀን 60 ዩኒት የሚወጋ ሰው እንውሰድ። በወር 1,800 ዩኒት ነው፤ ሁለት ብልቃጥ። በ2017 ዋጋ 549 ዶላር ከ40 ሳንቲም። ይሄ ለምግብ ሰዓቱ ብቻ ነው። ሌሊቱን የሚይዘው ረጅሙ ኢንሱሊን፣ መርፌው፣ የጣት መመርመሪያው ወረቀት ሌላ ነው። ሰውየው ኡበር የሚነዳ ነው እንበል፣ ዲዳክቲብሉ 3,000 ዶላር የሆነ ርካሽ ኢንሹራንስ ገዝቷል። ጃንዋሪ 1 ሁሉም ነገር ከዜሮ ይጀምራል። እስከ ማርች ድረስ ኢንሹራንስ እንደሌለው ሰው ነው የሚከፍለው። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ ይሄን ኑሮ ለማወቅ የኔን ስሌት አትፈልጉም።

ኢንሹራንስ ባላቸው የዓይነት 1 ሕመምተኞች ላይ የተሠራ ጥናት፣ ለአንድ ሰው በዓመት ለኢንሱሊን የወጣው ወጪ በ2012 ከነበረበት 2,864 ዶላር በ2016 ወደ 5,705 ዶላር መውጣቱን አሳየ። በአራት ዓመት እጥፍ። ይሄ ተመላሹ ሳይቀነስ ነው። ሰዉ የወሰደው መጠን ግን ያን ያህል አልጨመረም።

ከዚያ ሰው መቆጠብ ጀመረ። የየል ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች እዚያው ኒው ሄቨን ክሊኒካቸው የሚመጡትን ጠየቁ። ከአራቱ አንዱ በዋጋ ምክንያት ኢንሱሊኑን ከታዘዘለት አሳንሶ እንደሚወጋ ተናገረ። መቆጠብ ሲባል ቃሉ ያሳስታል፤ ጥሩ ጠባይ ይመስላል። ኢንሱሊን ላይ መቆጠብ ማለት 15 ዩኒት የታዘዘለት ሰው 8 መውጋት ነው። እራቱን ትቶ መርፌውንም መዝለል ነው። 28 ቀን ያለፈባትን ብልቃጥ እስክታልቅ መጠቀም ነው። ዓይነት 1 ያለበት ሰው ኢንሱሊን ጨርሶ ካጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ደሙ አሲድ ይሆናል። ማስታወክ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ከዚያ ራስን መሳት።

26ኛው ዓመት

በአሜሪካ ሕግ ልጅ በወላጁ ኢንሹራንስ ሥር የሚቆየው እስከ 26 ዓመቱ ነው። ሚኒያፖሊስ ውስጥ አሌክ ስሚዝ የተባለ የሬስቶራንት ሥራ አስኪያጅ በ2017 26 ዓመት ሞላው። ዓይነት 1 ስኳር ነበረበት። ከእናቱ ኢንሹራንስ ወጣ። የራሱን ሲያፈላልግ ያገኘው በወር 450 ዶላር ገደማ የሚከፈልበት፣ ዲዳክቲብሉ 7,600 ዶላር የሆነ ነበር። ያለ ኢንሹራንስ ደግሞ ኢንሱሊኑና ዕቃው በወር ወደ 1,300 ዶላር ይመጣል። ከመርፌው እየቀነሰ ደሞዝ ቀን ሊያደርስ ሞከረ። ከኢንሹራንሱ በወጣ አንድ ወር ሳይሞላው፣ ጁን ላይ፣ አፓርታማው ውስጥ ሞቶ ተገኘ።

እናቱ ዝም አላለችም። የሚኒሶታ ምክር ቤት በ2020 በልጇ ስም የተጠራ ሕግ አወጣ። ኢንሱሊኑ ያለቀበት፣ መግዣ ያጣ ሰው ፋርማሲ ሄዶ የ30 ቀኑን ቢበዛ በ35 ዶላር እንዲያገኝ የሚያደርግ ነው። ሕጉ ሥራ ሊጀምር አንድ ቀን ሲቀረው የመድኃኒት አምራቾቹ ማኅበር ሚኒሶታን ከሰሰ። ሕጉ ግን ሥራውን ጀመረ። መንትዮቹ ከተሞች (ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል) ውስጥ ብዙ ሐበሻ ይኖራል። እዚያ ያለ ዘመድ ያላችሁ ይሄን ሕግ ንገሩት፤ የማያውቀው ሰው አይጠፋም።

ከሚኒሶታ በፊት ኮሎራዶ በ2019 ኢንሹራንስ ያላቸውን ሕመምተኞች ክፍያ በወር 100 ዶላር ላይ የሚገድብ ሕግ አውጥታ ነበር፤ የመጀመሪያዋ ናት። ዛሬ እንዲህ ያለ ገደብ ያላቸው ግዛቶች ከ20 በላይ ናቸው።

በ2019 ክረምት ደግሞ ሴናተር በርኒ ሳንደርስ ሕመምተኞችን ይዞ ከዲትሮይት በአውቶቡስ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ካናዳዋ ዊንዘር ሄደ። እዚያ ያው ኢንሱሊን የአሜሪካውን አንድ አሥረኛ ገደማ ነበር። ማጋነን አይደለም። ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም የ2018ን ዋጋ አገር ከአገር አወዳድሮ ነበር፤ ተመላሹ ሳይቀነስ። በአማካይ አንድ መደበኛ መጠን ኢንሱሊን አሜሪካ ውስጥ 98 ዶላር ከ70 ሳንቲም ሲሆን ካናዳ 12 ዶላር፣ እንግሊዝ 7 ዶላር ከ52፣ አውስትራሊያ 6 ዶላር ከ94 ነበር። እኛ ሻንጣ ውስጥ መድኃኒት ይዞ መሻገርን የለመድን ሰዎች ነን፤ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሁሉ የአንድ ሰው መድኃኒት አደራ አለበት። የዓለም ሀብታም አገር ዜጋም በአውቶቡስ ተሰልፎ እንዲያ ሲያደርግ ማየት ሌላ ነገር ነው።

የማርች 2023 ሳምንቶች

በነገራችን ላይ በኖቬምበር 2022 ትዊተር ላይ የሆነውን ታስታውሱ ይሆናል። አንድ ሰው 8 ዶላር ከፍሎ ሰማያዊ ምልክት ገዛ፤ በኢላይ ሊሊ ስም ገጽ ከፍቶ «ኢንሱሊን ከአሁን ጀምሮ ነጻ ነው» ብሎ ጻፈ። ኩባንያው ውሸት ነው ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። የተጠየቀው ይቅርታ «ነጻ አይደለም» የሚል መሆኑ ራሱ ስንቱን አሳቀ፣ ስንቱን አናደደ።

ከዚያ በፊት በኦገስት 2022 ፕሬዚዳንት ባይደን የፈረሙት ሕግ ሜዲኬር (በዋናነት የአረጋውያን የመንግሥት ኢንሹራንስ) ያላቸው ሰዎች ለአንድ ኢንሱሊን በወር ከ35 ዶላር በላይ እንዳይከፍሉ ወሰነ። ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ሠራ። የግል ኢንሹራንስ ላላቸውም ይሁን የሚለው ሐሳብ ሴኔት ውስጥ ወደቀ። ስለዚህ ሕጉ የደረሰው በዋናነት 65 ዓመት ለሞላቸው ነው።

ከዚያ ማርች 1 ቀን 2023 ኢላይ ሊሊ ሁማሎግንና ሁሙሊንን 70 በመቶ እቀንሳለሁ አለ። ማርች 14 ኖቮ ኖርዲስክ ተከተለ፤ እስከ 75 በመቶ። ማርች 16 ሳኖፊ ላንተስን 78 በመቶ ቀነሰ። ሃያ ዓመት ሽቅብ የወጣ ዋጋ በ16 ቀን ውስጥ በሦስቱም ኩባንያ ወረደ። የሁለቱ የሥራ መጀመሪያ ቀን ደግሞ አንድ ነው፦ ጃንዋሪ 1 ቀን 2024። የሊሊም ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ።

ለምን ጃንዋሪ 1 ቀን 2024? ያ አንቀጽ እዚህ ነው።

ሜዲኬይድ ለድሆች የሚሰጥ የመንግሥት ኢንሹራንስ ነው። መድኃኒት የሚሸጥለት ኩባንያ በሕግ ሁለት ነገር ይመልስለታል። አንደኛው ከዋጋው ቢያንስ 23.1 በመቶ። ሁለተኛው ቅጣት መሰል ነገር ነው፦ መድኃኒቱ ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ ዋጋው ከኑሮ ውድነቱ በላይ የጨመረውን ያህል። ሁለቱ ተደምረው ግን ከመድኃኒቱ ዋጋ እንዳይበልጡ ጣሪያ ነበረ። በማርች 2021 የወጣው የኮሮና ድጎማ ሕግ ያን ጣሪያ አነሳው። የሚነሳበት ቀን ጃንዋሪ 1 ቀን 2024።

አሁን ብልቃጧን እናስላት። ሻካራ ስሌት ነው፤ ሕጉ የሚጠቀመው የተለጠፈውን ዋጋ ሳይሆን ሌላ አማካይ ዋጋ ነው፤ ግን መንገዱን ያሳያል። የ1996ቱ 21 ዶላር በኑሮ ውድነት ሲታደስ በ2023 ወደ 41 ዶላር ይሆናል። ዋጋዋ 274 ስለሆነ ትርፍ ጭማሪው 233 ዶላር ነው። 23.1 በመቶው ደግሞ 63 ዶላር። ድምሩ 296። በ274 ዶላር የሸጣትን ብልቃጥ ለመንግሥት 296 ዶላር ሊመልስላት ነው። እያንዳንዷ የሜዲኬይድ ብልቃጥ 22 ዶላር ከኪሱ ታስወጣዋለች።

አሁን ደግሞ በ66 ዶላር ከ40 አስሏት። ትርፍ ጭማሪው 25 ዶላር ገደማ፣ 23.1 በመቶው 15 ዶላር ገደማ። ድምሩ 40። 26 ዶላር ይተርፈዋል። ዋጋውን ሲቀንስ ገቢው ጨመረ።

የእናቶቹ ጩኸት፣ አውቶቡሱ፣ የሴኔቱ ሪፖርት ከንቱ ነበር ማለቴ አይደለም። ያ ሁሉ ባይኖር ያን አንቀጽ የሚያስገባ ፖለቲከኛ አይገኝም ነበር። ግን ኩባንያው ሃያ ዓመት ጩኸቱን ሰምቶ ችሎታል። ይችን መደመርና መቀነስ ግን አልቻላትም።

ከወረደ በኋላ

ሁሉም ነገር አልተስተካከለም። ኖቮ ኖርዲስክ በኖቬምበር 2023 ለቬሚር የተባለውን ረጅም ኢንሱሊኑን አሜሪካ ውስጥ መሸጥ እንደሚያቆም አስታወቀ፤ በ2024 መጨረሻ አበቃ። ብዙ ነፍሰ ጡሮች ይወስዱት የነበረ መድኃኒት ነው። በሴፕቴምበር 2024 ደግሞ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ሦስቱን ደላሎች በኢንሱሊን ዋጋ ከሰሰ። በክሱ ላይ የተጠቀሰችው ምሳሌ ይችው የኛዋ ብልቃጥ ናት።

ገንዘቡም ቦታ ቀየረ። ሐኪሙ አሁን የሚያዝዘው ኦዘምፒክና ሞንጃሮ ነው፤ ስኳሩንም ክብደቱንም ይቀንሳሉ። ሜዲኬር ለነኦዘምፒክ ያወጣው ገንዘብ ተመላሹ ሳይቀነስ በ2018 ከነበረበት 57 ሚሊዮን ዶላር በ2022 ወደ 5.7 ቢሊዮን ደረሰ። መቶ እጥፍ ማለት ነው። በ2023 የአንድ ወር ኦዘምፒክ የተለጠፈ ዋጋ አሜሪካ ውስጥ 936 ዶላር፣ ፈረንሳይ 83 ዶላር ነበር። ይሄን ቁጥር ሳይ ያቺ የዊንዘር አውቶቡስ ትዝ ትለኛለች። አንድ የተለወጠ ነገር ቢኖር መንግሥት ለሜዲኬር በቀጥታ መደራደር መጀመሩ ነው። ከ2026 ጀምሮ ጃኑቪያ የተባለው የስኳር ኪኒን የወሩ ከ527 ወደ 113 ዶላር ወርዷል። ጃርዲያንስም፣ ፋርሲጋም፣ ኖቮሎግ የተባለው ኢንሱሊንም እዚያ የመጀመሪያ ዙር ውስጥ አሉ። ሜትፎርሚን የተባለው የድሮ የስኳር ኪኒን ደግሞ ከዚህ ሁሉ ግርግር ውጪ፣ በጥቂት ዶላር፣ ዝም ብሎ ሥራውን ይሠራል።

ውጪ የቀረ ሰው አሁንም አለ። የ35 ዶላሩ የፌዴራል ሕግ የሜዲኬር ነው። ልጆቻቸው ያመጧቸው አባትና እናት ግሪን ካርድ ይዘው አሜሪካ ውስጥ 5 ዓመት ካልኖሩ በአብዛኛው ሜዲኬርን በገንዘባቸውም መግዛት አይችሉም። ሥራ ቀይሮ በሁለት ኢንሹራንስ መሃል የተንጠለጠለም አለ። ለነዚህ የቀረው የኩባንያዎቹ የራሳቸው የ35 ዶላር ፕሮግራም ነው፤ በሕግ ሳይሆን በፈቃዳቸው የሚሰጡት፣ ጠይቆ የሚገኝ።

እንዲህ ያለ ሰው ቤታችሁ ካለ፣ ፋርማሲ ስትሄዱ ሐኪሙም ፋርማሲስቱም ሳያነሱላችሁ ሊቀር የሚችል አንድ ነገር አለ። ሊሊ ያችኑ ፈሳሽ «ኢንሱሊን ሊስፕሮ» በሚል ተራ ስም በሌላ ሳጥን ይሸጣል። ከሜይ 2023 ጀምሮ ብልቃጧ 25 ዶላር ናት። ሁማሎግ የተጻፈባት 66 ከ40። መስኮቱ ጋ ስትደርሱ «ጋሼ ሁማሎግ ነው የታዘዘላቸው፤ ሊስፕሮ በሚለው ሳጥን ይሁንልን» በሉ።